«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
የሕመምን ቀን ስለ መቁጠርና ስለ አዲሶቹ የስልክ መሣሪያዎች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ሳይደብቅ፣ ለሐኪም ሁሉን ለመናገር ወዶና ፈቅዶ ሳለ፣ የሚናገረው ቀን የጠፋበት ሰውስ ምን ይሁን?

ሐኪም ቤት የገባ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያውቀዋል፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይባላል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ቆይቷል»፣ «ከፋሲካ ወዲህ ነው»፣ «አንዳንዴ ይነሣብኛል፣ አንዳንዴ ይተወኛል»። ለብዙ በሽታ ይህ መልስ ይበቃ ይሆናል። ዛሬ ለአንባቢያን ልገልጸው ለተነሣሁት በሽታ ግን አይበቃም። ይህ በሽታ የሚታወቀው በመምጣቱና በመሄዱ ስለሆነ፣ የመጣበትና የሄደበት ቀን ካልተቆጠረ ግማሹ ምርመራ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ስሙም መልቲፕል ስክሌሮሲስ ይባላል።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ነገሩን ለመመርመር ያነሣሣኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ሰላ ድንጋይ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት። የደንበኞቿን ልክ በምትጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፎ ነበር፦ «መስከረም 12፤ ቀኝ ዓይኔ ጭጋግ ሆነ፣ ሳንቀሳቅሰው ያመኛል። ጥቅምት 4 ተወኝ።» ወረድ ብሎም «የካቲት 20፤ ግራ እጄ መርፌ አልይዝ አለ» ይላል። ይህን የጻፈችው ለሐኪም ብላ አልነበረም። ቀሚሱ የዘገየበት ሰው ሲቆጣት የዘገየችበትን ምክንያት ከነቀኑ ለማሳየት ብላ ነው። መንደሩ ግን አንዱ ምች ነው፣ አንዱ ብርድ ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ሥራ ጠልታ ነው ብሎ ፈርዶባት ነበር። ዓይኗ በድኖ ሲመለስ፣ እጇ ደንዝዞ ሲፈታ፣ «አያችሁ፣ ምንም አልነበራትም» ይሉ ነበር።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ከነርቭ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሐኪሙ ያንን የልክ ደብተር ተቀብሎ ሁለቱን ገጽ አገላብጦ አነበበ። በሽታው የተረጋገጠው በኤም.አር.አይ ምርመራ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙን ወደ ኤም.አር.አይ የመራው ደብተሩ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት የነርቭ ክሮች የኤሌክትሪክ ሽቦ ይመስላሉ። ሽቦ በላስቲክ እንደሚሸፈን ሁሉ ነርቭም ማየሊን በሚባል ስብ መሰል ነገር ተሸፍኗል። በመልቲፕል ስክሌሮሲስ ጊዜ የሰውነት መከላከያ፣ ጠላት ያገኘ መስሎት፣ ይህን ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። የተላጠው ወደ ዓይን የሚሄደው ነርቭ ከሆነ ዓይን ይደበዝዛል፤ ህብለ ሰረሰር ላይ ከሆነ እግር ይደነዝዛል ወይም ይከዳል። እብጠቱ ሲበርድ ሽፋኑ በከፊል ይታደስና በሽተኛው ይሻለዋል። ስፍራው ላይ ግን ጠባሳ ይቀራል። የበሽታው ስም ትርጉምም «ብዙ ጠባሳ» እንደ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1868 በፓሪስ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ በሽታውን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ለይቶ ገለጸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ አትላስ በዓለም ላይ 2.8 ሚሊዮን ያህል በሽተኞች እንዳሉ ይገምታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ሰው በሚማርበት፣ በሚሠራበትና በሚወልድበት ዕድሜ ነው፤ ከወንዶች ይልቅም ሴቶችን በእጥፍ ያህል ይይዛል። ከምድር ወገብ በራቁት አገሮች ይበዛል፤ በእኛ አገር ጥቂት ነው። ነገር ግን «ጥቂት ነው» ማለትና «የለም» ማለት አንድ አይደለም። ለያዘው ሰው በሽታው ሙሉ ነው፤ ብርቅ በመሆኑም የሚጠረጥረው ሰው ስለሚያንስ ጉዳቱ ይብሳል።

በአገራችን የነርቭ በሽታን በመንደር ደረጃ ቤት ለቤት የመቁጠር ሥራ የተሠራው በቡታጅራ አካባቢ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ድረስ 60,820 ሰዎችን መረመሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዛሬም የነርቭ ሐኪሞች ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሲመዛዘኑ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። ከሰላ ድንጋይ የሚነሣ በሽተኛ ደብረ ብርሃን ይወርዳል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ የሚያገኘው ጊዜ ከጉዞው ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የብዙ ወር ታሪክ በሥርዓት መቅረብ አለበት።

ቀን መቁጠሩ ስለ ምን ይጠቅማል?

አንደኛ፣ አዲስ ጥቃት መጣ ለማለት ሐኪሞች ወሰን አላቸው። አዲስ ምልክት ወይም የቆየው ምልክት ብሶ፣ ያለ ትኩሳትና ያለ ሌላ ኢንፌክሽን፣ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ለግማሽ ሰዓት ደንዝዞ የተወ እጅና ለአሥር ቀን የደነዘዘ እጅ በሕክምና ዓይን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቃል ሲነገሩ ግን ሁለቱም «እጄ ደንዝዞ ነበር» ነው የሚባሉት።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1890 ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በሽተኞቹ ሰውነታቸው ሲሞቅ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደበዝዝ አስተዋለ። የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ እንኳ ቢጨምር የተላጠው ነርቭ መልእክቱን ለማስተላለፍ ያቅተዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ አዲስ ጥቃት አይደለም። እንዲያውም ኤም.አር.አይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች በሽተኛውን ሙቅ ውሃ ውስጥ በመንከር በሽታውን ይፈትኑት ነበር። እንግዲህ ነገሩን ወደ አገራችን እንመልሰው። በእኛ ዘንድ እግሩ የደነዘዘ ሰው ፍል ውሃ ሂድ ይባላል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ፍል ውሃ ገብቶ እግሩ ቢከዳው አደጋ ሊደርስበት ይችላል፤ ባይደርስበትም እንኳ በሽታው የጸናበት መስሎት ይደነግጣል። በደብተሩ ላይ «ፍል ውሃ ከገባሁ በኋላ፣ ለአንድ ሰዓት» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ግን ሐኪሙ ወዲያው ይረዳዋል።

ሦስተኛ፣ የሚመሳሰሉ በሽታዎችን ይለያል። ጓያ አዘውትረው የበሉ ሰዎች እግራቸው ይተሳሰራል። ይህ ጉዳት በአገራችን የታወቀ ሲሆን ፕሮፌሰር ረዳም በደምቢያና በፎገራ አጥንተውታል። ነገር ግን የጓያ ሽባነት ሁለቱን እግር ይይዛል እንጂ ዓይንን አያደበዝዝም፤ ደግሞም መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ መጥቶ ይቀራል። ሌላው ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የሚባለው ነው። ዓይንንና ህብለ ሰረሰርን ስለሚያጠቃ ከመልቲፕል ስክሌሮሲስ ጋር በብርቱ ይመሳሰላል፤ የሚለየውም የደም ምርመራ መሠረት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ለአንዱ የሚሰጠው ኢንተርፌሮን የተባለው መድኃኒት ሌላውን ሊያባብሰው ስለሚችል መለየቱ የግድ ነው። የዚህኛው በሽታ አንዱ ምልክት ለቀናት የማይተው ስቅታና ትውከት ነው። በሽተኛ ስቅታን ከዓይን ሕመም ጋር አያይዞ ለሐኪም ይነግራል ተብሎ አይጠበቅም፤ የተጻፈ እንደሆነ ግን ይገኛል።

አራተኛ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል። የመጀመሪያው የበሽታውን አካሄድ የሚገታ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ግላቲራመር፣ ክላድሪቢንና ሪቱክሲማብ የተባሉትን ሦስት መድኃኒቶች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል። እነዚህ መድኃኒቶች የደረሰውን ጉዳት የሚያድኑ ሳይሆኑ የሚመጣውን ጥቃት የሚቀንሱ ናቸው። የቀነሰን ነገር ለማወቅ ደግሞ ቀድሞ ስንት እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

በውጭው ዓለም ይህን የቁጥር ሥራ ለስልክ ሰጥተውታል። ስማርት ስልክ በውስጡ እንቅስቃሴንና መዞርን የሚለኩ ትንንሽ መሣሪያዎች አሉት፤ ስልኩን ስናጋድመው ምስሉ አብሮ የሚጋደመው በእነርሱ ነው። ገጹም ጣት የት እንዳረፈና በምን ፍጥነት እንዳለፈ ያውቃል። ከእነዚህ ተነሥተው ባለሙያዎች ለበሽተኞች ልዩ ልዩ ፈተና አዘጋጅተዋል። በገጹ ላይ የተሳለውን ቅርጽ በጣት ተከትሎ መሳል፣ የሚታየውን ነገር በሁለት ጣት መቆንጠጥ፣ ምልክትን ከቁጥር ጋር ማዛመድ፣ ስልኩን ኪስ ወይም ወገብ ላይ አድርጎ ለሁለት ደቂቃ መራመድ፣ አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ መዞር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እጅን፣ ሦስተኛው አእምሮን፣ የቀሩት እግርንና ሚዛንን ይፈትናሉ። ሮሽ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ፍለድላይት ብሎ የሰየመው ከእነዚህ አንዱ ነው። በእርሱ በተደረገ ጥናት 76 በሽተኞችና 25 ጤነኞች ለ24 ሳምንት ራሳቸውን ፈትነዋል፤ ከስልኩ የተገኘው ውጤትም ሐኪሞች በክሊኒክ ከሚለኩት ጋር የሚዛመድ ሆኖ ተገኝቷል።

የስልኩ ብልጫ ምን ላይ ነው ቢባል፣ ሐኪም በሽተኛውን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያየው ሁለት ቀን ብቻ አየው ማለት ነው። በሽተኛው ያን ዕለት ደህና አድሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በመኪና ሲንገላታ አድሮ ከወትሮው ብሶበት ሊሆን ይችላል። ስልኩ ግን በመካከል ያሉትን ቀኖች ያያል።

ከፈተናው ሌላ ጠያቂ የሆኑ አፖችም አሉ። ጧት ጧት «ድካምህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በመስመር ሥለው ያሳያሉ። የመድኃኒት ሰዓትም ያስታውሳሉ።

እኛ ዘንድ ሲደርሱ ምን ይገጥማቸዋል?

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ተማሪም የሚለው ነገር አለው። የመጀመሪያው እንቅፋት የሰዓታችን አቆጣጠር ነው። የአክስቴ ልጅ ጧት በ2 ሰዓት እጇ ደነዘዘ። አፑ ላይ 2 ብላ ጧት የሚለውን ብትመርጥ፣ ለአፑ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሁሉ ጧት ነውና በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ ይመዘግብላታል። መዝገቡን ያየ ሐኪም እንቅልፍ አጥታለች ይላል። ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 12 በፈረንጆች አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 22 ነው። የወሩን ስም ብቻ ለውጦ 12 ብሎ የጻፈ ሰው አሥር ቀን ተሳሳተ። አሥር ቀን ደግሞ ከላይ እንዳየነው የአንድ ጥቃት ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ጳጉሜን የሚያውቅ አፕማ ከየት ይገኛል!

ሁለተኛው ቋንቋው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ገባ በስልክ አማርኛ መጻፍ ችግር አይደለም። ችግሩ የሕመም ቃላችን ነው። አፑ «ድንዛዜ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው ግን ይወረኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይለበልበኛል፣ ይቆጠቁጠኛል፣ እግሬ ከዳኝ ይላል። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው ልዩ ስሜት ናቸው፤ በአንድ «ድንዛዜ» ማጠቃለል የበሽተኛውን ምስክርነት ማጥፋት ነው። ቁጥሩም ቢሆን፣ ድካሙን ከአሥር እጅ ስንት እንደሆነ ለመናገር የሚቸገር ሰው «ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ ስንት ጊዜ አረፍሽ?» ቢባል ወዲያው ይመልሳል። አፕ ለእኛ የሚሠራ ሰው ይህን መጠየቅ መማር አለበት።

ሦስተኛው መብራት፣ ኔትወርክና ዋጋ ነው፤ ይህን ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አላስረዝመውም። አራተኛው ምሥጢር ነው። የሰው ሕመም ከስልኩ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? ማን ያነበዋል? በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው አፕ ከመጫኑ በፊት መረጃው የት እንደሚቀመጥ መጠየቁን መልመድ አለበት።

ታዲያ ዛሬ ምን ይቻላል?

አፑ እስኪመጣ ድረስ መቀመጥ አያስፈልግም። መሠረቱ ማሽኑ ሳይሆን ልማዱ ነውና። ደብተር ላይ አምስት ነገር መጻፍ ይበቃል፤ ምልክቱ በራስ ቃል፣ የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የተወበት ቀን፣ በዚያን ጊዜ ትኩሳት ወይም ሙቀት ወይም ሌላ ሕመም መኖሩ፣ በመጨረሻም ያ ቀን ምን ሥራ እንደ ከለከለ። መጻፍ የማይችል ሰው ቤተሰቡ ይጻፍለት። ባለ ቁልፍ ስልክ እንኳ የመድኃኒት ሰዓት በደወል ያስታውሳል፤ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ያለው ደግሞ ከነቀኑ ተናግሮ ማስቀመጥ ይችላል።

ለመራመድም ፈተና አለ። ሐኪሞች በሽተኛውን 25 ጫማ፣ ማለትም 7 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር፣ በፍጥነት ግን በጥንቃቄ ያስኬዱና ሰዓት ይይዛሉ። ይህ በሰላ ድንጋይም ይቻላል። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ነው፤ አምስት ጊዜ ለክቶ 12 ሳንቲ መጨመር ነው። ሜዳ ስፍራ ተመርጦ በሁለት ድንጋይ ምልክት ይደረግና በስልክ ሰዓት ይለካል። ሁልጊዜ አንድ ስፍራ፣ አንድ ጫማ፣ አንድ ሰዓት ላይ መሆን አለበት፤ ዛሬ ጧት በብርድ፣ ነገ ቀትር በፀሐይ የተለካ አይነጻጸርም። ጊዜው ከወትሮው በአንድ አምስተኛ፣ ለምሳሌ ከ6 ሰከንድ ወደ 7 ነጥብ 2 ሰከንድ፣ ጨምሮ በዚያው የጸና እንደሆነ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን መጨመር ይገባኛል። መሣሪያ፣ ስልክም ይሁን ደብተር፣ ይመዘግባል እንጂ በሽታ አያውቅም። ዓይን በድንገት ቢጠፋ፣ እግር ቢሰንፍ፣ ሽንት ቢታገድ፣ ደብተር ሞልቶ እስኪያልቅ ሳይሆን ያኑ ዕለት ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ደግሞም ሰው ሌት ተቀን ራሱን ሲለካ ከበሽታው ይልቅ መለኪያው ሊያሳምመው ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን መለካት፣ አዲስ ነገር ሲመጣ መጻፍ፣ ከዚያ ወዲያ ግን መርሳትና መኖር ያስፈልጋል።

የምናስበውን እንሥራ ካልን፣ በዩኒቨርሲቲያችን የኮምፒውተር ተማሪ አለ፤ የሕክምና ተማሪ አለ፤ የሕመም ቃላችንን የሚሰበስብ የቋንቋ ተማሪም አለ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የእኛን ሰዓት የሚቆጥር፣ ጳጉሜን የሚያውቅ፣ «ይወረኛል» ሲባል የሚገባው መዝገብ መሥራት ከአቅማችን በላይ አይመስለኝም። ለዚህ በሽታ ብቻ ሳይሆን ለሚጥል በሽታም፣ ለሌላውም መጥቶ ለሚሄድ ሕመም ይጠቅማል።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ መድኃኒቷን ይዛለች። ስልክ አላት፤ ፈተናዎቹንም አሳይቻት ሞክራ ሳቀች፤ «ይህን ቅርጽ ከመከተል ዘርፍ መከተል ይሻለኛል» አለችኝ። የእጇን ነገር የምታውቀው ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት በሚፈጅባት ጊዜ ነው፤ እሱንም በደብተሯ ጀርባ መጻፏን አልተወችም። ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ሥራ ጠልታ ነው ይሏት የነበሩት ሰዎች አሁን አይሉም። ቀኑ ተጽፏል፤ ሐኪምም አንብቦታል።